የበዞ ጫጩቶች ምን ይበላሉ? ከኮሶዬ እስከ እንፍራንዝ የአምስት ቀን መንገድ

ስልክ አንስታችሁ፣ «ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ግን እያለቁብኝ ነው» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት፣ ኮሶዬ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጓሮ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቀኑ በደብተር ይዤው ስለነበር፣ ወደ እንፍራንዝ ወርዳችሁ ለማታውቁት ለእናንተ ለኮሶዬ ሰዎች በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ። ነገሩ የሆነባትን መንደር ስም ግን አልጽፍም፤ ነዋሪዎቿ አይወዱትም።

ደዋይዋ ውባለም ትባላለች። ወደ ትውልድ ቦታዬ ኮሶዬ ከመዛወሬ በፊት ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ከእንፍራንዝ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው፤ ያኔ እሷ የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ ተማሪዬ ነበረች። ትምህርቷን ካቆመች በኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአባቷ መሬት ላይ ኩሬ ቆፈረች፤ ውስጡን ወፍራም ላስቲክ አለበሰችው፤ የምንጭ ውሃ ሞላችው፤ ከመንደሩ ወንዝ የዓሣ ጫጩት እየያዘች ጨመረችበት። ዓሣው በዞ ይባላል፤ ድንጋይ እየፋቀ የሚኖር የወንዝ ዓሣ ነው። ምን ላብላቸው ብላ መስከረም ላይ ስትደውልልኝ ሳላመነታ ነገርኳት፤ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሙልጭልጭ፣ መጽሐፋችን ዋቅላሚ የሚለውን፣ እየፋቅሽ ስጫቸው አልኳት።

አሁን ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ጫጩቶቹ በየጠዋቱ ሞተው ይገኛሉ። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነበር። መንደሩ «ብርብራ ተጨምሮበት ነው» ብሏል። ብርብራ የዛፍ ስም ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣን ያደነዝዛል፤ የድሮ አጥማጆች በዚህ ነበር የሚይዙት። በዚያ መንደር ደግሞ የብርብራ ዛፍ ያለው በአንድ ሰው አጥር ብቻ ነው፤ በአያ ፈንቴ አጥር። አያ ፈንቴ ከውባለም አባት ከአያ ደርሶ ጋር አምና በመስኖ ቦይ ተጣልተዋል።

ስለዚህ ለእሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አውጫጭኝ ተጠርቷል። አውጫጭኝን በእኛም አገር ሽማግሌዎች ያውቁታል። በደል ደርሶ በዳዩ ሲጠፋ መንደሩ በሙሉ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ እየተነሣ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ስም ሳይወጣ ሸንጎው አይበተንም። ስሙ የወጣበት ሰው ሰላም አይባልም፤ እሳት አይጫርለትም፤ ሬሳው አይወጣለትም። ከዚያም አልፎ ነገሩ ወደ ደም ሊሄድ ይችላል፤ በሁለቱም ቤት ወንድ ልጆች አሉ።

«አባቴ መምህርሽ መጥቶ መርዝ መሆኑን ይመስክርልን ይላል» አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ስዘጋ እኔም መርዝ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ሐሙስ

ከኮሶዬ ስወጣ ጉሙ ገና ከገብሱ ላይ አልተነሣም። ቦርሳዬን ማታውን አዘጋጅቼ ነበር። ከታች ልብስ፣ ከላዩ ነጭ ሳህንና ማጉያ መነጽር፣ በጎን ኪሱ ውስጥ ምላጭ፣ ማስመሪያና አንድ ጥቅል ክር። እናቴ ቆሎ ጨመረችበትና፣ ለመሆኑ የዓሣ ሆድ ለመክፈት ነው ይህን ያህል መንገድ የምትሄደው ብላ አፏን ያዘች። አልፈርድባትም። የእኛ ወንዞች እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ አላቸው፤ እኔ ራሴ ዓሣ በዓይኔ ያየሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው።

ጎንደር የደረስኩት በሦስት ሰዓት ነው። መናኸሪያው ግን ፀጥ ብሏል። ወደ ደቡብ የሚወጣ መኪና ዛሬ የለም አሉ፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ ነገ ሊከፈት ይችላል። «ሊከፈት ይችላል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንዱን ረዳት ብጠይቀው፣ «መምህር ትመስላለህ፤ እኛ ፈተና አናውቅም፤ ሲከፈት እንወጣለን» አለኝ። ቁጭ ብዬ ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። አርብ ካልወጣሁ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ካልወጣሁ ሰው ከተፈረደበት በኋላ ነው የምደርሰው።

ያደርኩት ፒያሳ አጠገብ ሱቅ ካላቸው ከጋሽ ኑሩ ቤት ነው። አባቴ ገብስ ይዞ ሲወርድ ከአባታቸው ሱቅ ጨውና ልብስ ይገዛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የእኛ ቤት ሰው ጎንደር ሲመሽበት እዚያ ያድራል። ለእኔ ብለው ከአንድ ክርስቲያን ጎረቤት ምግብ አስመጡልኝ፤ እሳቸው ከቤተሰባቸው ጋር በሌላ ትሪ በሉ፤ ወሬው ግን አንድ ነበር። ስለ ብርብራ አሠራር፣ ዓሣ በጉንጩ አየር እንዴት እንደሚስብ፣ መርዙ የት ጋ እንደሚይዘው አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጋሽ ኑሩ ጨርሼ እስካበቃ ድረስ ሰሙኝና፣

«እና ዓሣውን ሳታየው ነው ይህን ሁሉ ያወቅኸው?» አሉ።

ልጆቻቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ አልቀናኝም። ጠዋት ስነሣ የከረሜላ ማሰሮ የነበሩ ሦስት ባለ ክዳን ብርጭቆዎች ታጥበው በጋዜጣ ተጠቅልለው በሩ ላይ ጠበቁኝ። ለዓሣህ ነው አሉኝ፤ ሌላ አልተናገሩም።

አርብ

መንገዱ ተከፈተ። ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው በሚይዝበት አሥራ ስምንት ጭኖ ወጣ። ብርጭቆዎቹን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለሠርግ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ምላጩንና ማጉያውን ያየው ፈታሽ የምን ሐኪም እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የዓሣ ስለው ለጓደኛው አሳየኝ፤ አልከለከለኝም።

ማክሰኚትን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ራሱ ተንፍሷል። ከሁለት ሰዓት በላይ በፀሐይ ቆምን። እኛ ጋ ጥቅምት ማለት ጋቢ የማይወርድበት ወር ነው፤ እዚያ ግን ጃኬቴን አውልቄ ራሴ ላይ ጣልኩት። የእኛ ገብስ ገና አረንጓዴ ሳለ የእነሱ ጤፍ ቢጫ ለብሷል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሁሉ ደስ ብሎኝ እመዘግብ ነበር፤ ያን ቀን የማየው ሰዓቴን ብቻ ነበር። የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ብቅ ሲል እንኳ አንገቴን አላዞርኩም።

እንፍራንዝ ውባለም ጠበቀችኝ። ከስታለች። መንደሯ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ በአንድ አጥር ጥግ ስናልፍ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። ቀና ስል ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት የተንጠለጠለበት ትልቅ ዛፍ አየሁ። ከሥሩ አንድ ሽበታም ሰው ዱላ ተደግፈው ቆመዋል። እሷ ሰላም አላለችም። እኔም ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሳላውቅ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

«መምህር፣ ምነው ሰላምታውን ዋጥኸው?» አሉኝ አያ ፈንቴ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። እኔም እርምጃዬን አፍጥኜ አለፍኩ፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ኩሬው ሸጋ ነው፤ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ውሃው እስከ ታች ድረስ የሚታይ። ጥግ ላይ የተፋቀ ዋቅላሚ በእፍኝ በእፍኝ ተቀምጧል። ከላዩ አምስት የሞቱ ጫጩቶች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል፤ እያንዳንዳቸው የትንሿን ጣቴን ግማሽ አይሞሉም። ከአራት መቶ ገደማ የቀሩት መቶ አይደርሱም አለችኝ። ታች ግን ስድስት ትልልቅ በዞዎች ላስቲኩን እየላሱ በዝግታ ይዞራሉ። እነሱንም ከወንዝ ያመጣቻቸው ናቸው። «እነዚህ ምንም አልሆኑም» አለች። ይህንን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ግን ያኔ አላሰብኩበትም።

አያ ደርሶ ከማሳ ሲመለሱ ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። ሽሮ ቀረበ፤ አርብ ነው። ውባለም የቀን መዝገቧን አመጣች። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ እኔ ያስተማርኩት ዓይነት። ጠዋት ምን ያህል ዋቅላሚ እንደሰጠች፣ ስንት እንደሞተ፣ ውሃውን መቼ እንዳጣራች። የመጨረሻውን ጠየቅኋት። ወባ ያለበት አገር ስለሆነ ኩሬው የትንኝ ትል እንዳያፈራ የጤና ሠራተኛዋ አዝዛት፣ በየጠዋቱ በወንፊት እየጠለለች ከውሃው የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ታወጣለች። ጎበዝ አልኳት። እንዲያውም በዝርዝር አመሰገንኳት።

ከመዝገቡ ሥር የአሥረኛ ክፍል ደብተሯ ነበር። ያኔ ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ በዞ ከፍተን ነበር፤ ሆዱ በአረንጓዴ ነገር ተሞልቶ አይተን፣ «በዞ ዋቅላሚ ይመገባል» ብዬ አጻፍኳቸው። ገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያደረግኩት ምልክት አለ። ኩሬውን ስትጀምር ያንን ገጽ ለጓደኞቿ እያነበበችላቸው ነው።

ቅዳሜ

ትንኝ ሲበላኝ አድሮ በማለዳ ወንዝ ወረድን። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ከወንዙ ጤነኛ ጫጩት እይዛለሁ፣ ከኩሬው የሞተ እወስዳለሁ፣ ሆዳቸውን ከፍቼ የመርዙን ጉዳት አነጻጽራለሁ። ለእሑዱ ሸንጎ ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ሳልወጣ ተንሸራትቼ እስከ ደረቴ ገባሁ። ውሃው ግን የእኛን ወንዝ ያህል አይቀዘቅዝም። የውባለም ጓደኞች ሳቃቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ አንዷ፣ ደጋ ሰው ውሃ የሚያውቀው በእንስራ ነው አለች። ከሞት ወሬ ወጥተን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በወንፊት ሰባት ትንንሾች ያዝን፤ በመረብ ደግሞ ክንድ የሚያክል አንድ ትልቅ በዞ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳህኑን ዘረጋሁ።

በመጀመሪያ ከኩሬው የሞተውን ከፈትኩ። አንጀቱ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ማጉያውን ብጠጋው ወዲያ ማዶውን ያሳያል። ውስጡ ሁለት ሦስት አረንጓዴ ፀጉር መሰል ነገር አለ፤ ልክ ከድንጋዩ እንደተፋቀ፣ ሳይፈጭ፣ ሳይቀየር። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ባዶ ነበር።

ቀጥሎ ቁመቱ ከእነዚህ ጋር እኩል የሆነውን የወንዝ ጫጩት ከፈትኩ። ሆዱ ጢም ብሏል። ሳህኑ ላይ በውሃ ጠብታ ዘርጋ ሳደርገው፣ ራስ፣ እግር፣ የትል ቆዳ፣ የትንኝ ዕጭ ቁርጥራጭ። አረንጓዴ የሚባል የለበትም። ሌላ ከፈትኩ፤ ትል። ሌላ ከፈትኩ፤ ትል።

ትልቁን ከፈትኩት። አንጀቱ እንደ ተጠመጠመ ገመድ ነው፤ ቀስ ብዬ ፈትቼ በክር ለካሁት፤ ከአካሉ ስድስት እጥፍ ይረዝማል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ጭቃ። የጫጩቱን አንጀት በሌላ ክር ለካሁ። ከአካሉ እምብዛም አይበልጥም።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ሣር መሰል ነገር ቶሎ አይፈጭም፤ ረጅም አንጀት ይፈልጋል። በዞ ሕፃን ሳለ ያ አንጀት የለውም፤ የሚያድገው ትልና ነፍሳት እየበላ ነው፤ አካሉ ሲረዝም አንጀቱ ከአካሉ በላይ ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊቱን ወደ ድንጋዩ የሚያዞረው። አንድ ዓሣ ነው፤ ግን በሁለት ዕድሜው ሁለት ማዕድ አለው። እኔ አንድ ትልቅ ዓሣ ከፍቼ ለሁሉም ፈረድኩ። ብርብራ ቢሆን ኖሮ ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ቀን ይገለብጥ ነበር እንጂ ትንንሹን እየመረጠ ሃያ ቀን አይፈጅም። ስድስቱ ትልልቆች ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ እያሳዩኝ ነበር።

ውባለም ከጎኔ ተንበርክካ ሁሉንም በማጉያው አየች። እኔ ቃል ሳልናገር ገብቷታል።

«ታዲያ ትሎቹን በየጠዋቱ እየጠለልኩ ያወጣሁባቸው እኔ ነኛ» አለች።

«ዋቅላሚ ብቻ ይበላሉ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

ማጉያውን መለሰችልኝ። ከዚያ፣ «ቲቸር፣ ነገ በሰው ፊት ይህን ይላሉ?» አለችኝ። ወዲያው አልመለስኩላትም፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ቤት ስንደርስ ለአያ ደርሶ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በዝግታ አስረዱኝ። ልጃቸው ኩሬ ስትቆፍር መንደሩ ስቆባታል፤ ሁለቱ ጓደኞቿ ከባሎቻቸው ጋር ተሟግተው ነው የገቡት። መርዝ ከሆነ ተበደለች ይባላል። ረሃብ ከሆነ ግን ዓሣ በረሃብ ገደለች ተብላ ዕድሜ ልኳን መሣቂያ ትሆናለች። ፈንቴ ደግሞ በቦዩ ጊዜ የሠራኝን እኔ ነኝ የማውቀው አሉ። በመጨረሻም፣

«አንተ ነገ ሂያጅ ነህ፤ እኛ ነን የምንቀረው። ውሃው ጥሩ አልነበረም በልና ተቀመጥ» አሉኝ።

ትልቁ በዞ ተጠብሶ ቀረበ። አንስተው ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሥጋው ጣፋጭ ነው፤ እሾሁ ግን ብዙ ነው፤ ለመዋጥም ለመናገርም የሚመች አልነበረም። ውጭ የአያ ፈንቴ ሁለት ልጆች ከብት ወደ ውሃ ሲነዱ አየሁ፤ ሁለቱም ጠመንጃ ይዘዋል። የውባለም ወንድምም የእሱን አንስቶ በራፉ ላይ ተቀመጠ።

ከመጨለሙ በፊት አንድ ሥራ ሠራሁ። ከኩሬው በሕይወት ያሉ አሥር ጫጩቶች በአንዱ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ከከብት ማጠጫው ገንዳ የትንኝ ትል ጠልዬ በሁለተኛው ያዝኩ። በሦስተኛው ዋቅላሚ።

እሑድ

ቅዳሴ እንደወጣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው የሾላ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው። ሸንጎውን የሚመሩት ቄስ አድማሱ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ከሰው ፊት የማይነቀል ሽማግሌ። አያ ፈንቴ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በግራና በቀኛቸው የሁለት ሰው ቦታ ክፍት ነው፤ ማንም አልተጠጋም።

አንድ በአንድ እየተነሡ ማሉ። አንዱ ምንም አላየሁም አለ። ሌላው ወፍ ነገረኝ አለ፤ በአውጫጭኝ ማን እንደነገረው መግለጥ የማይፈልግ ሰው እንዲህ ይላል። ወፏ ምን አለችህ ሲባል፣ ብርብራ ሲለቀም ታይቷል ብላኛለች አለ። ሦስተኛውም ወፍ ነገረኝ አለ። ስሙን ማንም አልጠራም፤ የሁሉም ዓይን ግን ወደ አንድ ቦታ ነው። አያ ፈንቴ ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው፣ በዛፌ ሥር የወደቀ ፍሬ ልጆቼም አያነሡትም ብለው ማሉ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከአያ ፈንቴ ልጆች አንዱ ብድግ ሲል ሁለት ሰው ይዞ አስቀመጠው።

ቄስ አድማሱ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህሩ እንግዳችን ነው፤ ዓሣ ያውቃል አሉ። ውሃው መርዝ ነበረበት?»

አያ ደርሶ ቀጥ ብለው አዩኝ። ውባለም ከሴቶቹ መካከል መሬቱን ታያለች።

«አልነበረበትም» አልኩ።

ጉርምርምታው ሲበርድ ሳህኑን፣ ክሮቹንና ብርጭቆዎቹን ይዤ ወደ መሃል ገባሁ። ጠዋት የሞቱ ሁለት ጫጩቶች አምጥቼ ነበር፤ እዚያው ከፈትኳቸውና ማጉያውን ለቄሱ ሰጠኋቸው። ሁለቱን ክሮች ዘርግቼ የትልቁንና የትንሹን አንጀት አሳየሁ። ከዚያ ዋቅላሚውን በሕይወት ካሉት ጫጩቶች ላይ ጨመርኩ። ጠጋ ብለው ነክተውት ተመለሱ። ሰዉ ተነሥቶ ከቦኛል፤ የአንዱ ጢም ትከሻዬ ላይ ነበር። የትንኙን ትል ስጨምር ውሃው በአንድ ጊዜ ተናወጠ፤ ቆጥረን ሳንጨርስ ትል አልቀረም።

«እህ፣ የራበው ምን የማይበላ አለ» አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

«አረንጓዴውንም እርቦት ነው ያየው፤ ምነው ታዲያ አልበላውም?» አለችው አንዲት ሴት።

«እና ትንኝ እናርባላቸው? እኛን ወባ ይፍጀን?» አለ ሌላው። ተሳቀ። ትንኟ ሳትወጣ ትሏን የሚበላላችሁ ይኸው ነው ብዬ ላብራራ ስጀምር ቄስ አድማሱ በእጃቸው ገቱኝ። አያ ፈንቴ ተነሥተው ነበር።

«የተወለደች ጥጃ ጭድ ስጧት» አሉ ዘወር ብለው ሁሉንም እያዩ። «እናቷ ትበላው የለም? ስጧትና በሃያኛው ቀን ኑና ማን መርዝ አበላት በሉ።»

ማንም አልሳቀም። ግን ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ነገሩ እንደ ገባቸው አየሁ። ቄስ አድማሱ ማጉያውን መለሱልኝ።

«ይህ ሸንጎ ስም ሳይወጣ አይነሣም» አሉ። «መርዝ ካልሆነ፣ ለጫጩት ጭድ ያዘዘ ሰው አለ። ውባለም ናት?»

«እሷ የተነገራትን ነው ያደረገችው» አልኩ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ትልቁን አንድ ጊዜ አይቼ፣ ትንሹን ሳላይ፣ ለክፍል ሙሉ ተማሪ አስጻፍኩ። መስከረም ላይም በስልክ ደገምኩት። የሚወጣ ስም ካለ የእኔ ይውጣ።»

መስቀሉን ዘረጉልኝ። ይዤ ማልኩ። የእኔ ስም በሸንጎው ፊት ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ በሕይወቴ እንዲያ ረጅም ሆኖ አያውቅም። ፍርዱን ለመስማት ቆሜ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና፣ መምህሩ እስከ ነገ ድረስ ከኩሬው ላጡት ሴቶች ከወንዝ ጫጩት ይያዝላቸው፤ በተማሪዋ ደብተር ላይ ያጻፈውን በራሱ እጅ ያርም፤ በአያ ፈንቴ ላይ የተነገረው ሁሉ ይነሣ፤ ወፍ ነገረኝ ያሉትም ወፏን ይዘው ይግቡ ተባለ። የመጨረሻው ላይ ሰዉ ሳቀ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አልሳቁም።

ሸንጎው ሲበተን አያ ደርሶ አላናገሩኝም። ከአያ ፈንቴ ፊት ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም። «ቦዩን ሐሙስ እንየው» አሉ አያ ደርሶ። «ሐሙስ» አሉ አያ ፈንቴ። ልጆቹ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አድርገው በየመንገዳቸው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ወንዝ ውስጥ ነበርኩ። ውባለምና ጓደኞቿ ወንፊት ይዘው ተከተሉኝ። ዘጠና አራት ያዝን። ደብተሯን አመጣችና ድንጋይ ላይ ዘረጋችልኝ። የእኔን ቀይ ምልክት ሰረዝኩ፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። አነበበችና፣

«ይህንንስ አይተነው ነው፤ እኔም ብጽፈው ይቻል ነበር» አለች። እስክሪብቶውን ተቀብላ ቀኑን ጻፈችበት።

ሰኞ

ጠዋት ኩሬው ላይ ሦስት ሞተው አገኘን። ውባለም መዝገቧ ላይ አሰፈረች። ወንፊቱን አልነካችውም፤ በእሱ ፈንታ ከገንዳው ትል አምጥታ ጨመረች። እንደሚተርፉ እርግጠኛ ነኝ አላልኳትም፤ ስንት እንደቀሩ በየሳምንቱ እንድትነግረኝ ብቻ ለመንኳት።

እናቷ ዳቦ ቋጠሩልኝ። አያ ደርሶ ደጅ ድረስ ወጥተው፣ ለእናትህ ሰላም በል አሉኝ፤ ለዚያን ቀን በቂ ነበር። አስፋልቱ ድረስ የሸኙኝ ያልጠበቅኋቸው ሰው ናቸው። አያ ፈንቴ ዱላቸውን ይዘው ከአጥራቸው ወጡና ከጎኔ መራመድ ጀመሩ። አርብ የዋጥኩትን ሰላምታ አቀረብኩላቸው፤ ተቀበሉኝ። ግማሹን መንገድ ስለ ኮሶዬ ገብስና ባቄላ ጠየቁኝ፤ ባቄላችን ከእነሱ ሽምብራ ይልቅ ውርጭ እንደሚፈራ ነገርኳቸው። መኪናው ሲመጣ ቦርሳዬን አቀበሉኝና እጄን ሳይለቁ፣

«ሃያ ቀን ሰው ሰላም ሳይለኝ ያለፈው በአንተ ቃል ነው» አሉኝ። «አልረገምኩህም። ግን ሌላ ቦታም እንዲሁ የነገርኸው ሰው ካለ፣ ሂድና ንገረው።»

ሚኒባሱ ውስጥ ቆጠርኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ያስጻፍኳቸው የአራት ክፍል ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸው መምህራን ናቸው። አንዳንዶቹ የት እንዳሉ አላውቅም፤ ይህንን የጻፍኩትም ስለዚህ ነው።

እናንተ ያኔ በእኔ ክፍል የነበራችሁ፣ ወይም ደብተሩን ከእነሱ የተዋሳችሁ፣ ወይም ዓሣ አይታችሁ የማታውቁ የኮሶዬ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዓሣ ወዳለበት ወንዝ በወረዳችሁ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ዓሣ ሁለት ያዙ፤ አንድ ጣት የምታክል፣ አንድ ክንድ የሚያክል። ሆዳቸውን በምላጭ ክፈቱ። የበሉትን በነጭ ሳህን ላይ በውሃ ጠብታ ዘርጉት። አንጀታቸውን በክር ለኩና ከአካላቸው ጋር አስተያዩት። ያያችሁትን ጻፉ። እኔ እዚህ ከጻፍኩት የተለየ ሆኖ ካገኛችሁት፣ የእኔን ሰርዙት።